ዓይን የሌለው ሥዕል

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 3። ከምሽቱ 1 ሰዓት

ጫማዬን ገና አላወለቅሁም። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቴ። ከጅማ ቦንጋ ሙሉ ቀን! ጎጀብ ላይ የቅጥቅጡ ጎማ ፈነዳ፣ ወርደን ቆምን፣ ዝናብ ወረደብን። ሰው ሁሉ ዕቃውን ትቶ ራሱን ያስጠልላል፣ እኔ ራሴን ትቼ ዕቃዬን። ጋቢዬን አልብሼው። እብድ ናት ያሉኝ አይጠፉም።

ዕቃው ምን መሰለህ? ሥዕል። አዎ፣ ሥዕል፣ በፍሬም፣ በመስታወት። አትሳቅ አንተ ደብተር።

ሥልጠና ብለው ወሰዱን፤ የመዝገብ አያያዝ። አሥራ ሁለት ዓመት የግብርና ጽ/ቤቱን መዝገብ የያዝኩትን ሴትዮ! አበል ሰጡን። ሌላው ብርድ ልብስ ገዛ፣ ድስት ገዛ። ሙሉጌታ፣ ጠረጴዛዬ ጎን ያለው፣ ለሚስቱ ጫማ ገዛ። እኔ ፍሬም ቤት ገባሁ። የገባሁበት ጉዳይ ሌላ ነበር፤ እሱን ዛሬ አልጽፍም። ግድግዳው በሙሉ ሰው ነው። ሙሽሮች። ቆብ የደፉ ተመራቂዎች። ጥግ ላይ ጥቁር ሪባን የገባላቸው ሟቾች። ሁሉም ያፈጡብኛል። እታች፣ ከባልዲው ጎን፣ የማያፈጥ አንድ ነበር።

ሰው የለበትም። ዛፍም ቤትም የለበትም። ቀለም ብቻ። ጥቁር ተወርውሮ፣ ዝገት የመሰለ ቀይ ተደፍቶበት፣ ነጭ በላዩ ሮጦ፣ አንድ ቦታ ላይ ትንሽ ቢጫ። ቀለም ቀቢ ወለሉ እንዳይበላሽ የሚያነጥፈው ጋዜጣ ሥራው ሲያልቅ እንዲህ ይሆናል። ባለሱቁ እንዳለው፣ ጫካ የሚያጠና አንድ ፈረንጅ የተሰበረ መስታወት ሊያስቀይር አምጥቶት በዚያው አገሩ ገብቷል። ይኼ ግልባጭ ነው፣ ዋናው ግድግዳ ያህላል፣ ሰው ሊያየው ይሰለፋል አለኝ። ይኼን? አልኩት። እኔ ምን አውቃለሁ አለ።

ገዛሁት። በሲሚንቶ ወረቀት ጠቅልሎ በቃጫ አሰረልኝ።

እማዬ በር ላይ ጠበቀችኝ። ጥቅሉን አየች፣ እኔን አየች። ምንም አልጠየቀችም። የገበያ ዘንቢሌን እስከ ታች የምትበረብረው እማዬ! ስለ አስራትም አልጠየቀችም። ከየትም ብመለስ የመጀመሪያ ጥያቄዋ እሱ ነው፤ ስለ ልጄ ምን ሰማሽ? ታናሽ ወንድሜ ሰሜን ግንባር ከዘመተ ይኼ አራተኛ ጥቅምቱ። ጦርነቱ ቆመ፣ የተመለሱት ተመለሱ፣ የእሱ ወሬ የለም። ዛሬ ግን ዝም። ደክሟት ይሆናል። ጥቅሉን ከቁምሣጥኑ ኋላ ሸጎጥኩት።


እሑድ፣ ጥቅምት 4። ረፋድ

እማዬ ቤተ ክርስቲያን ናት። በር ዘግቼ ፈታሁት።

አላረፈም። ነጩ እየሮጠ ነው። ተቀመጥኩ፣ ተነሳሁ፣ በመስኮቱ በኩል አየሁት፣ በበሩ በኩል። የቱ ላይ የቱ ታች እንደሆነ እንኳ አላወቅሁም። ዘቅዝቄ አየሁት፤ ያው ነው። ከሆዴ ውስጥ ያለውን ነገር አንድ ሰው አውጥቶ መስታወት ውስጥ የከተተው መሰለኝ። አስጠላኝ። መልሼ ጠቀለልኩት። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ደግሞ ፈታሁት። ምን ነካኝ?

ሁለተኛ ጠቅልዬ ሳልጨርስ እትዬ ሸዋዬ ገባች። ፊት ለፊታችን ያለው ሱቅ የእሷ ነው፤ ሳታንኳኳ መግባት ልማዷ። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ተተከለ። የፍሬሙን ጠርዝ አይታለች። እጇን አፏ ላይ ጫነች። የሱቋ ስኳር አልቆባት ልትበደር መጥታ ሳትወስድ ወጣች።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ሁለት ትልልቅ ዳቦ ላከችልን። ለምን? ዛሬ ምን በዓል አለ?


ሰኞ፣ ጥቅምት 5። የምሳ ሰዓት፣ ቢሮ

ሰው ሁሉ ጨዋ ሆነብኝ። ዘበኛው ከወንበሩ ተነሳልኝ። ሙሉጌታ ሻይ አመጣልኝ፤ በአሥራ ሁለት ዓመት የመጀመሪያው ሻይ። ኃላፊያችን የሩብ ዓመቱን ሪፖርት አልጨረስሽም ብሎ ሊጮህብኝ ሲገባው፣ ቀስ ብለሽ ሥሪው፣ ራስሽን አትጉጂ አለኝ። ከጅማ ይዤ የመጣሁት በሽታ አለ እንዴ? መስታወት አየሁ። ያው ነኝ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6። 11 ሰዓት

ከግምገማ ነፃ ወጣሁ! ስማ፣ ሰው ታሞ ተሸክመውት የሚያስገመግሙ ናቸው። ኃላፊው በስብሰባው መሀል፣ ወይዘሪት ዘውድነሽ ወደ ቤቷ ብትሄድ ተቃውሞ ያለው አለ? አለ። አንድ እጅ አልወጣም። ሁሉም ጠረጴዛውን ያያል።

ሙሉጌታን ኮሪደር ላይ ኮቱን ያዝኩት። ወዲያ አልኩት፣ ወዲህ አልኩት። በመጨረሻ ዓይኑ ቀልቶ ተናገረ። የወንድምሽን ፎቶ አሳድገሽ በፍሬም ማምጣትሽን ከተማው በሙሉ ያውቃል አለኝ። ለእናትሽ እስኪነገራቸው ብለን ነው ዝም ያልነው አለ።

ፍሬም ታቅፋ ከአውቶቡስ የወረደች ሴት፣ ወንድሟ ዘማች። ሌላ ምን ሊሉ ኖሯል? በኛ አገር በዚያ መጠን ፎቶ የሚያሳድግ ወይ ድግስ ያለበት ነው ወይ ድንኳን የሚጠብቀው። እኔ ደግሞ ሙሽራ አልመስልም።

ጮህኩበት። ሥዕል ነው፣ የቀለም ሥዕል፣ ሰው የለበትም አልኩት። አንገቱን ነቀነቀ። እንደምትደብቅ ሰው ነው ያየኝ። ወሬውን የነዛችው እትዬ ሸዋዬ ናት፣ ሌላ ማን ሊሆን!

ሐሰት ነው ብዬ ልጽፍ ነበር። ለአንተ ግን ምን እዋሻለሁ? ሆድህ ውስጥ ያለውን አንተ ታውቃለህ።

እሺ። እጽፈዋለሁ።

ሰኔ ላይ አንድ የዋጫ ከተማ ልጅ በክራንች ተደግፎ ቢሮ በር ላይ ጠበቀኝ። ከአስራት ጋር አንድ ምሽግ ነበርን አለኝ። በገዛ እጄ ነው የቀበርኩት አለኝ። ከኪሱ ያወጣኋት ነች ብሎ ፎቶ ሰጠኝ። አውቃታለሁ። የስምንተኛ ክፍል ፎቶው፣ አውራ ጣት ታህላለች። ሲዘምት ከአልበሙ ገንጥሎ የወሰዳት፤ ቦታዋ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። ልጁን ሻይ እንኳ ሳልጋብዘው ሰደድኩት። ፎቶዋን አንተ ውስጥ፣ ከመጨረሻው ገጽ ከተትኳት። አራት ወር ሆነ።

ለእማዬ አልነገርኩም። ዝናቡ ይቁም አልኩ። ከዚያ ፍልሰታ ትውጣ አልኩ። ከዚያ ዓመት በዓል ነው፣ መስቀል ነው። ከዚያ ሥልጠናው መጣ። ጅማ ላይ ፎቶዋን አሳድጌ፣ በወጉ ይዤ መጥቼ፣ ሽማግሌ ለምኜ፣ ያኔ ይነገራታል አልኩ። ፍሬም ቤት የገባሁት ለዚህ ነው። ባለሱቁ ፎቶዋን ተቀብሎ በብርሃን አያት፣ ጥቁር ሪባን ይግባበት? አለኝ። ደንበኛ የሚጠይቀውን ነው የጠየቀኝ፣ ምን አጠፋ? ፎቶዋን ከእጁ ነጥቄ ያንን ስጠኝ አልኩት። ዓይን የሌለውን።

ቅዳሜ ማታ ፎቶዋን ወደ አንተ የመጨረሻ ገጽ መለስኳት።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 8። ጠዋት፣ ወደ ቢሮ ልወጣ ስል

ትናንት ከእትዬ ሸዋዬ ጋር ተጣላሁ። ሱቋ ውስጥ፣ ደንበኛ እያየ። ምላስሽን ሰብስቢ አልኳት። ወንድሜን የገደልሽው አንቺ ነሽ ብያታለሁ፤ ይኼን ቃል ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም። አልመለሰችልኝም። እሷ! ለዝንብ እንኳ መልስ የማታጣ። ሚዛኑ ላይ እጇን አሳርፋ አየችኝ። መልሳ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እማዬ ወለሉን ለቀለቀች። የሁለት ዓመት ጥቀርሻ ከጣሪያው አወረደች። ነጠላዋን አጥባ አሰጣች። ጓዳ ውስጥ ቆሎ ተቆልቶ በትልቁ መሶብ ተከድኗል። እንግዳ አለብን? አልኳት። ቤት ንጹሕ ቢሆን ምን አለበት አለች። ደግሞ፣ ቅዳሜ ቢሮ የለሽም አይደለ? አለችኝ። የለኝም አልኳት።

በአጠገቡ ስታልፍ ቁምሣጥኑን በመዳፏ ዳበሰችው። አቧራ ልታይ መስሎኝ።


ዓርብ፣ ጥቅምት 9። ከሰዓት በኋላ

ወሬው ጆሮዋ ሳይደርስ እኔ መናገር አለብኝ። ዛሬ። ሦስት ጊዜ ጀመርኩ። እማዬ፣ አልኩ። ወይ፣ አለች። ቡናው ዘንድሮ ቀድሞ ቀላ፣ አልኩ። ሁለተኛ፣ እማዬ፣ አልኩ። ወይ። ጨው አለቀ እንዴ? ሦስተኛውን ባልጽፈው ይሻላል። እሷ ደግሞ በጠራኋት ቁጥር የያዘችውን ታስቀምጥና ትዞርልኛለች። እጇን አጣምራ። ትጠብቃለች። ምን ትጠብቃለች?

ፈሪ ነኝ። እንዲህ ጻፍልኝ።

ሥዕሉን ላሳያት ይሆን? ይኼን ገዛሁ ብል፣ ስትስቅ፣ ከሳቋ ቀጥዬ... አይሆንም። ከሳቅ ቀጥሎ እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል? ከምን ቀጥሎስ ይነገራል?

ነገ እሄድና የእድራችንን ዳኛ ጋሽ ወ/ሚካኤልን


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13። ጠዋት

ድንኳኑ ትናንት ተነቀለ።

ዓርብ ያቋረጥኩት እማዬ ስለጠራችኝ ነበር። ለራት ቆጮ አቀረበች፣ በልተን ተኛን። ቅዳሜ ሲነጋጋ በር ተንኳኳ። ጉሙ ገና ከግቢው አልወጣም። ጋሽ ወ/ሚካኤልና ሦስት ሽማግሌዎች፣ ጋቢ ለብሰው። ኋላቸው፣ አጥሩ ሥር፣ ሰው። እትዬ ሸዋዬም አለች። ወደ ጋሽ ወ/ሚካኤል ጆሮ ተጠግቼ፣ ማን ነገራችሁ? አልኩ። ልጄ፣ ፎቶውን አምጪው፣ አሉኝ። ፎቶ አይደለም አልኩ። አይዞሽ፣ ያንቺ ድርሻ አበቃ፣ አምጪው አሉ። ፎቶ አይደለም! ሲደግሙልኝ ተናደድኩ። ቁምሣጥኑን ገፍቼ ጥቅሉን አወጣሁና ወረቀቱን ቦጫጨቅሁት።

ጋሽ ወ/ሚካኤል መነጽራቸውን አወጡ። በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት። አደረጉት። ሥዕሉን ወደ በሩ ብርሃን አዙረው ረጅም ጊዜ አዩት። ሦስቱም አንገታቸውን አሰገጉ። ከዚያ ጋሽ ወ/ሚካኤል ቀስ ብለው፣ እንዳያስቀይሙኝ ተጠንቅቀው፣ ልጁ የቱ ጋ ነው? አሉኝ። አንደኛው ሽማግሌ ጥቁሩን በጣታቸው አሳዩአቸው፤ እዚህ ጋ ይሆን? አሉ። ከጭስ ውስጥ አስራትን ይፈልጋሉ። ሳቄ መጣ። ሳቅሁ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ። መጨረሻው ግን ሳቅ አልነበረም።

የጓዳው መጋረጃ ተገለጠ። እማዬ። ለብሳ ጨርሳለች። ነጠላዋን አዘቅዝቃለች። ማንም ሳይነግራት!

መጥታ ከሥዕሉ ፊት ቆመች። አየችው። ይኼ ልጄ አይደለም አለች። ሽማግሌዎቹን አየች፣ እኔን አየች። ፊቷ በራ። እውነቴን ነው የምልህ፣ የአርባ ዓመት ሴት ሆነች። ነጠላውን ከትከሻዋ ልታወርድ እጇን አነሳች።

አልሞተም እንዴ? አለችኝ።

አራቱ ሽማግሌዎች ወለሉን አዩ። ተናጋሪዋ እኔ ነበርኩ፤ ከሰኔ ጀምሮ እኔ ነበርኩ። ያቺን የፊቷን ብርሃን ያበራሁት እኔ ነኝ፣ በዚህ ሥዕል። አሁን ደግሞ ማጥፋት።

ሞቷል፣ እማዬ፣ አልኩ። በሁለት ቃል አለቀ። አራት ወር ሙሉ የሸሸሁት ሁለት ቃል ነው።

አልጮኸችም። ወደ ሳጥኔ ሄደች። አንተን አወጣች። እማዬ ፊደል አልቆጠረችም፣ አንተን ነክታህ አታውቅም ብዬ እምል ነበር። መጨረሻህን ገለጠች፣ ፎቶዋን አወጣች፣ መዳፏ ላይ አስቀመጠቻት። ሐምሌ ላይ ሳጥኑ ሻግቶ ዕቃውን ሳሰጣ አየኋት አለች። የጻፍሽውን አላውቅም፣ ልጄን አውቃለሁ አለች። ይዟት ሄዶ ፎቶዋ ብቻዋን ከተመለሰች ሌላ ምን ልጠይቅ? አለች። እስክትነግሪኝ ጠበቅሁ። ጅማ ስትሄጂ ደብተሩን ገለጥኩ፣ የለችም። ልታሳድጋት ወሰደቻት፣ ልትነግረኝ ነው አልኩ። ፍሬም ይዘሽ መጣሽ። አሁንም አትናገሪም። ስለዚህ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ጋሽ ወ/ሚካኤል ዘንድ ሄድኩ፤ ልጄ መናገር አቅቷታል፣ ትታመምብኛለች፣ እባካችሁ እናንተ መጥታችሁ ንገሩኝ አልኩ አለች።

መርዶዋን ራሷ ጠርታ፣ ወለሉን ለቅልቃ፣ ቆሎውን ቆልታ ጠበቀችው። ለእኔ ብላ። እኔ ደግሞ ለእሷ ብዬ ደበቅሁ ስል ነበር። እትዬ ሸዋዬ ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ሙሉጌታም የሰማው ከእድሩ ነው።

የጮኸችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያን ጊዜ አጥሩ ሥር የነበረው ሰው ገባ። እማዬ የምታለቅሰው በአፍ መፍቻዋ በካፊኖኖ ነው። ምን እንዳለችው በአማርኛ አልጽፍልህም፤ እኔው ጋ ይቅር።

ሬሳ የለም። ለቅሶ ላይ የሚያዝ ፎቶ የለም፤ ያቺ አውራ ጣት ታህላለች፣ ከአንድ እርምጃ አትታይም። እማዬ ድንኳኑ መሀል መዳፏን ከፍ አድርጋ ይኸው ትላለች፣ የሚያይላት የለም። ደጋግማ፣ ይኸው፣ ይኸው። ከዚያ ዞር አለች። ሥዕሉ ግድግዳ ተደግፏል። ፎቶዋን በፍሬሙ ጥግ፣ በእንጨቱና በመስታወቱ መሀል ሰካቻት። ሥዕሉን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ አነሳችው። ያንን ጥቁርና ቀይ ሁሉ፣ ጥጉ ላይ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ይዞ። ሰው ልጁን ለማየት ቀረብ ቀረብ አለ። ሦስት ቀን እሱን ይዛ ድንኳኑን ዞረች። ይኼ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው አልነበረም። ሁሉም ያወቀው ነው የመሰለው።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 15። ጠዋት

እትዬ ሸዋዬን ይቅርታ ጠየቅኳት። ለቅሶው ላይ ሦስቱን ቀን አግዳሚ የተሸከመችው፣ ውኃ የቀዳችው እሷ ናት። እግሯ ላይ ልወድቅ ጎንበስ ስል ክንዴን ይዛ አነሳችኝ። ተይ፣ ወለሉ ጭቃ ነው አለች። ከዚያ አለቀስን፣ ከዚያ ስኳሬን አምጪ አለችኝ። ሰጠኋት።

የዋጫውን ልጅ አሰብኩት። እማዬ ልታየው ትፈልጋለች። የት እንደቀበረው በአንደበቱ ይንገረኝ ትላለች። በሺሺንዳ በኩል ወደ ዋጫ የሚያልፍ መኪና አለ፤ የሚመጣው ሳምንት አብረን እንሄዳለን። ሻይ አልጋበዝኩትም ብዬ ነግሬያት ተቆጣችኝ። እንቁላል የምትጥለውን ዶሮዋን ልትወስድለት ነው።

ሰኞ ግን አስቀድሜ ጅማ። ፎቶዋን ይዤ። ሥዕሉን ከፍሬሙ አውጥቼ የአስራትን እዚያ ላስገባ ይሆን አልኳት። አትንኪው አለች፤ ለእሱ ሌላ ይሠራለት፣ ይኼ ያለበት ይሁን። እኔን ደግሞ ሥዕሉ አሁንም ያስቀምጠኛል ብለህ ነው? ትናንት ሚስማር መታሁለት። ዛሬ ጠዋት ስነሳ ተዘቅዝቆ መስሎኝ አውርጄ አገላበጥኩት። እማዬ ከአልጋዋ ሆና፣ እንደነበረው አድርጊው አለችኝ። እንዴት እንደነበረ እሷ ታውቃለች። ጥግ ላይ ፎቶዋ የተሰካችበትን ለይታ።

ባለሱቁ ይረሳኛል። በየቀኑ ስንቱን ሟች ይቀበላል። ፎቶዋን በብርሃን ያያታል፣ ጥቁር ሪባን ይግባበት? ይለኛል።

ይግባበት እለዋለሁ።